አስሮ መቀለብ ወይስ መስክ ማሰማራት? ኦርጋኒክና የተጠናከረ የእንስሳት እርባታ በዱርቤቴና በጣና ዙሪያ

ዱርቤቴ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ዳንግላና እንጅባራ በሚያመራው የአስፋልት መንገድ ላይ የምትገኝ የደቡብ አቸፈር ወረዳ መቀመጫ ከተማ ናት። የአካባቢው አርሶ አደር በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ እያመረተ ከብት፣ በግና ዶሮ ያረባል። በሬው ያርሳል፣ ላሟ ትታለባለች፣ እበቱ ለማዳበሪያም ለማገዶም ይውላል። ይህ ቅይጥ ግብርና ለዘመናት ተደግፎ የኖረው በወል ግጦሽ መሬት ላይ ነው። የሕዝብ ቁጥር ሲጨምር፣ የእርሻ ማሳና የባሕር ዛፍ ተክል ሲስፋፋ ግን የወል ግጦሹ እየጠበበ መጥቷል። በዚህም ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ከብቱን ከመስክ አስወጥቶ በጋጣ ወደ መቀለብ፣ ከአካባቢ ላም ይልቅ የተዳቀለች ላም ወደ መያዝ እያዘነበለ ነው።

ሽግግሩ ቀላል አይደለም። ላሟ ራሷ ፈልጋ ታገኘው የነበረው መኖ፣ ውኃ፣ ጥላና እንቅስቃሴ ወደ ጋጣ ከገባች በኋላ ሁሉም በባለቤቷ እጅ ይወድቃል። ባለቤቱ ይህን ማሟላት ከቻለ ወተቱ ይጨምራል፤ ካልቻለ እንስሳዋም ቤተሰቡም ይጎዳሉ። የወተቱ ጤንነት ደግሞ የዱርቤቴንና የባሕር ዳርን ሸማች በቀጥታ ይመለከታል። ይህ ጽሑፍ ኦርጋኒክ እርባታንና የተጠናከረ እርባታን ከእንስሳት ደኅንነት አንጻር ያነጻጽራል፤ የአካባቢው አርቢ ከሁለቱ ምን ሊወስድ እንደሚችልም ያመለክታል።

የሦስቱ የእርባታ ዘዴዎች ልዩነት

በመጀመሪያ ልማዳዊውን፣ ኦርጋኒኩንና የተጠናከረውን እርባታ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ልማዳዊ እርባታ እንስሳትን በልቅ ግጦሽና በሰብል ተረፈ ምርት መያዝ ነው። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ምርቱም እንዲሁ። በ2013 ዓ.ም የወጣው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የናሙና ጥናት በአገሪቱ 70 ሚሊዮን ያህል የዳልጋ ከብት እንዳለ ያመለክታል። ከዚህ ውስጥ እጅግ የሚበዛው የአካባቢ ዝርያ ሲሆን፣ አንዲት የአካባቢ ላም በቀን በአማካይ የምትሰጠው ወተት 1.5 ሊትር ገደማ ብቻ ነው።

የተጠናከረ እርባታ በጥቂት ቦታ ብዙ ምርት ለማግኘት የታለመ ነው። ከፍተኛ ምርት የሚሰጥ ዝርያ፣ የተቀነባበረ መኖ፣ መድኃኒትና የማያቋርጥ ክትትል ይጠይቃል። በአገራችን በከተሞች ዙሪያ የሚገኙ የወተት ላም እርባታዎች፣ በአዳማ አካባቢ የሚታወቁት የከብት ማድለቢያዎችና በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት ትላልቅ የዶሮ እርባታዎች የዚህ ምሳሌዎች ናቸው።

ኦርጋኒክ እርባታ ደግሞ በሕግና በመመዘኛ የተወሰነ ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን በአዋጅ ቁጥር 488/1998 ደንግጋለች። በዓለም አቀፍ ደረጃ ጥብቅ ከሚባሉት መመዘኛዎች አንዱ የአውሮፓ ኅብረት ሲሆን፣ ዋና ዋና ነጥቦቹ የሚከተሉት ናቸው። መኖው በሰው ሠራሽ ማዳበሪያና በፀረ ተባይ ኬሚካል ያልተመረተ መሆን አለበት። እንስሳቱ ወደ ውጭ የሚወጡበትና የሚሰማሩበት ዕድል ሊኖራቸው ይገባል። ጥጃ ቢያንስ ለ90 ቀናት፣ ግልገል ቢያንስ ለ45 ቀናት ወተት ማግኘት አለባቸው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በሽታ ሳይኖር ለመከላከያነት ወይም ለማፋፊያነት አይሰጥም። የታመመ እንስሳ ግን መታከም አለበት፤ መመዘኛው እንስሳ ሲሠቃይ ዝም ብሎ ማየትን አይፈቅድም። ክትባትም የተፈቀደ ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው በዱርቤቴ መስክ ላይ የምትግጥ ላም ኬሚካል ስላልነካት ብቻ ኦርጋኒክ አትሆንም። በበጋ ወራት የምትራብ፣ በመዥገርና በጉበት ትል የምትጎዳ፣ ረጅም መንገድ ተጉዛ የምትጠጣ ላም ለኦርጋኒክ መመዘኛም ለእንስሳት ደኅንነትም አትበቃም። በአንጻሩ በጋጣ የተያዘች ላም ሁሉ ተበድላለች ማለትም አይቻልም። መለኪያው እንስሳዋ በየዕለቱ የምታገኘው እንክብካቤ ነው።

አምስቱ ነጻነቶች

እንስሳትን በጠባብ ቦታ አጭቆ ማርባት በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በብሪታንያ የተነሣውን የሕዝብ ቅሬታ ተከትሎ መንግሥት ያቋቋመው የብራምቤል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1965 ሪፖርቱን አቀረበ። ሪፖርቱ አንድ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ራሱን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት መቻል አለበት አለ። ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1979 አምስቱ ነጻነቶች በሚል ቅርጽ ያዘ፤ እነርሱም ከረኃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን እንዲሁም ተፈጥሯዊ ጠባይን ማሳየት መቻል ናቸው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም እነዚህን ነጻነቶች የመመሪያው መነሻ አድርጓቸዋል።

እነዚህን መለኪያዎች በጣና ዙሪያ ላሉት ሁለት የአያያዝ ዘዴዎች ብናውላቸው ውጤቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ አያደላም። መስክ የተሰማራች ላም ተፈጥሯዊ ጠባይዋን ታሳያለች፤ ትንቀሳቀሳለች፣ የምትበላውን ትመርጣለች፣ ከመንጋዋ ጋር ትውላለች። ነገር ግን ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ መኖ ያጥራታል፤ በክረምት ደግሞ በረግረጉ ውስጥ ለጥገኛ ትላትል ትጋለጣለች። በጋጣ የተያዘች ላም ከእነዚህ ብትጠበቅም፣ ወለሉ ካልደረቀ ሰኮናዋ ይቆስላል፤ ገመዷ ካጠረ መተኛት ያቅታታል፤ አየር ካልተናፈሰ ሳንባዋ ይታመማል። ጤናማ የወተት ላም በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ተኝታ ታሳልፋለች፤ አብዛኛውን የምታመሰኳውም ተኝታ ነው። ስለዚህ ጋጣው ለመቆሚያ ብቻ ሳይሆን ለመኝታ የሚበቃ፣ ገለባ የተጎዘጎዘበትና ሽንቱ የሚወርድበት ተዳፋት ያለው ሊሆን ይገባል።

በቀላሉ የሚዘነጉ ሌሎች የደኅንነት ጉዳዮችም አሉ። የበሬ ጫንቃ በቀንበር ሲቆስል ሳይድን መጥመድ፣ ዶሮን እግሯን አስሮ ዘቅዝቆ ወደ ገበያ መውሰድ፣ በግና ከብትን በመኪና ላይ ደራርቦ መጫን፣ በዱላ መደብደብ በየገበያው የሚታዩ ናቸው። ጉዳታቸው በእንስሳው ሥቃይ ብቻ አያበቃም። የተደበደበ ከብት ሥጋው ይበልዛል፤ ሲጨነቅ የቆየ ከብት ሥጋ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ቆዳውም ዋጋ ያጣል።

በሽታ በመስክና በጋጣ

ሁለቱ ዘዴዎች የሚያመጡት የበሽታ ዓይነት ይለያያል። በግልገል አባይ ተፋሰስና በጣና ዳርቻ ባለው ረግረግ መሬት ለሚግጡ ከብቶችና በጎች ትልቁ ሥጋት የጉበት ትል ነው። ትሉ ዕድገቱን የሚጨርሰው በረግረግ ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው፤ ከዚያም በሣር ላይ ተጣብቆ ወደ እንስሳው ይገባል። በተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው ገንዲ፣ መዥገር፣ አባ ሰንጋና አባ ጎርባም የመስክ ከብትን ያጠቃሉ። ከብቱ በአንድ መስክና በአንድ ውኃ መጠጫ ስለሚገናኝም አፍተግር በቀላሉ ይዛመታል።

በጋጣ የሚያይሉት ደግሞ የጡት በሽታ፣ የሰኮና ችግርና የሳንባ ነቀርሳ ናቸው። በዚህ ረገድ በአገራችን የተካሄዱ ጥናቶች ብዙ ያስተምራሉ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በቤት ውስጥ የሚያዙና መስክ የሚሰማሩ ከብቶችን አነጻጽረዋል። የከብት ነቀርሳ ያደረሰው ጉዳት በቤት ውስጥ በሚያዙት ላይ ይበልጥ የከፋ ሆኖ አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚያው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ88 መንጋዎች ውስጥ ያሉ 2,956 የወተት ከብቶችን መርምሮ፣ ከከብቶቹ 30 በመቶ ያህሉ ለነቀርሳ ምርመራው አዎንታዊ ምላሽ እንደሰጡ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጠባብና አየር በማይናፈስ ቤት ውስጥ አንዷ ላም የምትተነፍሰውን ሌላዋ ትስባለች። የሆልስታይን ደም የበዛባቸው ከብቶችም ለበሽታው ከአካባቢ ዝርያዎች ይልቅ ተጋላጭ ናቸው።

የከብት ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ውርጃ የሚያስከትለው ብሩሴሎሲስም እንዲሁ። ስለዚህ ወተት መፍላት አለበት፤ ይህ በመስክ ከዋለች ላም ለተገኘ ወተትም ይሠራል። ላም ሲገዛም አስቀድሞ ማስመርመር፣ አዲስ የመጣችውን ለይቶ ማቆየትና ጋጣው ነፋስ የሚገባበት እንዲሆን ማድረግ ከመድኃኒት የሚቀድሙ መከላከያዎች ናቸው።

ማፍላት የማያጠፋው መርዝ

የከተማ ነዋሪው በአብዛኛው የማያውቀው ሌላ ሥጋት ከመኖ ይመጣል። ፋጉሎና እህል በእርጥብ ቦታ ሲከማቹ ሻጋታ ያበቅላሉ፤ ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል ነው። ላሟ የተበከለ መኖ ስትበላ የመርዙ አንድ ክፍል በሰዓታት ውስጥ ወደ ወተቷ ያልፋል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኘው የወተት አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ መርዙን አግኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው 0.05 ማይክሮግራም በሊትር ያልበለጠ መጠን የተገኘባቸው 9 ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። ለብክለቱ ዋነኛ ምንጭ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው።

የአቸፈር አርቢ ከዚህ ሁለት ነገር ሊወስድ ይችላል። አንደኛ፣ አፍላቶክሲን ወተት በማፍላት አይጠፋም፤ መከላከያው ያለው በመኖ ማከማቻው ላይ ነው። ፋጉሎ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ዝናብና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት። የሻገተውን ከደኅናው ቀላቅሎ መስጠት ጉዳቱን ይደብቀዋል እንጂ አያስቀረውም። ለወተት ላም የማይሆን ነውና ለዶሮ ይሁን ማለትም ስሕተት ነው፤ መርዙ ዶሮንም ይጎዳል። ሁለተኛ፣ የተበከለው መኖ ሲቋረጥ የመርዙ መጠን በወተቱ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። ስለዚህ ማስተካከያው ወዲያው ፍሬ ያፈራል።

ሣርና ድርቆሽ የምትመገብ ላም ለዚህ መርዝ የምትጋለጠው በጣም ባነሰ መጠን ነው። የኦርጋኒክና በግጦሽ ላይ የተመሠረተ እርባታ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው። ሆኖም ኦርጋኒክ የሚል ስም ያለው ፋጉሎም ከተሻገተ መርዝ ነው።

መድኃኒትና ወተት

በተጠናከረ እርባታ መድኃኒት በብዛት ያስፈልጋል። በአንዳንድ አገሮች ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጤናማ እንስሳን ቶሎ ለማሳደግ በመኖ ውስጥ ሲደባለቅ ቆይቷል። ይህ ልማድ መድኃኒቱን የተላመዱ ተሕዋስያንን ስለሚያበዛ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ አግደውታል። ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ሲላመዱ ለሰው ሕክምናም ያስቸግራሉና።

በኢትዮጵያ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 728/2004 ተደንግጓል። በገጠር ገበያዎች የሚታየው ችግር ግን አርቢው ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሰሉ መድኃኒቶችን ገዝቶ መውጋቱና መጠኑን በግምት መወሰኑ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ወተቱ ወይም ሥጋው ለምግብ መዋል የሌለበት የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡ በማሸጊያው ላይ ይጻፋል። በኦርጋኒክ መመዘኛ ይህ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። አርቢው የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት ባይፈልግ እንኳ የታከመችውን ላም ስምና የተወጋችበትን ቀን በደብተር መመዝገብና ገደቡ እስኪያልፍ ወተቷን ለብቻ መለየት ይችላል። ይህ ወጪ የማይጠይቅ፣ የደንበኛን እምነት የሚያጸና ልማድ ነው።

የፎገራ ላምና የዋሸራ በግ

የእንስሳት ደኅንነት ከዝርያ ምርጫ ይጀምራል። የጣና ዙሪያ የራሱ ዝርያዎች አሉት። በሐይቁ ምሥራቅ በሚገኘው ሜዳ የምትታወቀው የፎገራ ላም በወተቷ ከአገር ውስጥ ዝርያዎች ስሟ የሚጠራ ሲሆን፣ ረግረግ ሜዳን፣ ዝንብንና የውኃ መጥለቅለቅን የለመደች ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል በ1956 ዓ.ም ከተቋቋመ ጀምሮ ይህን ዝርያ ሲጠብቅና ሲያጠና ቆይቷል። በመተከል የነበረው የከብት ማራቢያም የፎገራን ላም ከፍሪዥያን ጋር በማዳቀል ጊደሮችን ለአርሶ አደሩ ሲያሠራጭ የኖረ ተቋም ነው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚረባው የዋሸራ በግም በዕድገቱና በሥጋው ተመራጭ ነው።

የፎገራ ዝርያ ዛሬ በሁለት ነገር ተጨንቋል። የግጦሽ ሜዳው ወደ ሩዝ ማሳነት እየተለወጠ ነው፤ ኮርማ ሳይመረጥ በሚደረግ መደባለቅም ንጹሕ ዝርያው እየተመናመነ ነው። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ በጣና ላይ የተስፋፋው እምቦጭም የዳርቻውን ግጦሽና የውኃ መጠጫ አጣቧል።

የተዳቀለች ላም ከአካባቢ ላም በብዙ እጥፍ ትታለባለች። ነገር ግን የፍሪዥያን ደሟ በጨመረ ቁጥር ለሙቀት፣ ለመዥገርና ለመኖ እጥረት ያላት ትዕግሥት ይቀንሳል። የሙቀት መጠን ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ንጹሕ ፍሪዥያን መብላቷን መቀነስ ትጀምራለች። ለጣና ዳርቻ ቆላማ ስፍራዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በኦርጋኒክ መመዘኛ ለአካባቢው የተስማሙ ዝርያዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውም ለዚህ ነው። መኖና ጥላ ሳይዘጋጅ ከፍተኛ ደም ያላት ላም መግዛት ላሟንም ገንዘቡንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

መኖው ሲሰላ

ጋጣ ለመሥራት ያሰበ አርቢ አስቀድሞ ሊያሰላው የሚገባ ሒሳብ አለ። አንዲት 400 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም በቀን ከክብደቷ ከ2.5 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ፣ ማለትም ከ10 እስከ 12 ኪሎ ግራም ትፈልጋለች። ይህ በእርጥብ ሣር ሲታሰብ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ግራም ይሆናል። በዓመት ወደ 40 ኩንታል ደረቅ መኖ ማለት ነው። አንድ ሊትር ወተት ለመስጠት ከ3 እስከ 5 ሊትር ውኃ ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ወንዝ ወርዳ የምትጠጣ ላም የተፈጠረችበትን ያህል ልትታለብ አትችልም።

የጤፍና የዳጉሳ ገለባ፣ የበቆሎ አገዳ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ብቻቸውን አይበቁም። በጨጓራዋ ውስጥ መኖውን የሚፈጩት ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራቸውን በሚገባ ለመሥራት ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይፈልጋሉ፤ ገለባ ግን በአብዛኛው ከዚህ በታች ነው። ጉድለቱን ለመሙላት በገለባ ላይ የዩሪያ ውኃ ረጭቶ አፍኖ ማቆየት የታወቀ ዘዴ ነው። ይህ በኦርጋኒክ መመዘኛ የተፈቀደ አይደለም፤ መጠኑ ከበዛም እንስሳን ይገድላል። በቦታው ሊገቡ የሚችሉት ጥራጥሬ መኖዎች ናቸው። በበቆሎ ማሳ ውስጥ ላብላብ መዝራት፣ በድንበርና በአጥር ሰስባኒያ መትከል፣ በእርከን ላይ ዴሾና ዝሆኔ ሣር ማብቀል መሬት ሳይቀንስ መኖ ይጨምራል፤ የዴሾ ሥር አፈሩንም ይይዛል። ሣሩ ሲያብብ ታጭዶ በጥላ የደረቀ ድርቆሽ ዘግይቶ ከታጨደው የበለጠ ፕሮቲን ይይዛል።

እበቱም ከሒሳቡ ውስጥ ነው። በመስክ የሚውል ከብት እበት ተበታትኖ ይቀራል፤ የሚሰበሰበውም ብዙ ጊዜ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። በጋጣ ያለ ከብት እበት ግን አንድ ቦታ ይጠራቀማል፤ ወደ ኮምፖስት ወይም ወደ ባዮጋዝ ቢገባ ማገዶም ማዳበሪያም ይሆናል። የኦርጋኒክ እርባታ ዋና ሐሳብ፣ ከማሳ የወጣው ወደ ማሳ ይመለስ የሚለው፣ በአግባቡ በተያዘ ጋጣ ከልቅ ግጦሽ ይልቅ በቀላሉ ሊፈጸም ይችላል።

ዶሮ በጓሮና በቤት

በዶሮ እርባታ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 ሙሉ በሙሉ ያገደው አሮጌው የዶሮ ሣጥን ለአንዲት ዶሮ 550 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ይህም ከአንድ ኤ4 ወረቀት ያነሰ ስፍራ ነው። በኅብረቱ የኦርጋኒክ መመዘኛ በቤት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ከ6 በላይ እንቁላል ጣይ ዶሮ አይያዝም፤ በውጭም ለእያንዳንዷ 4 ካሬ ሜትር ያስፈልጋታል።

የጓሮ ዶሮ ነጻ ናት፤ ትጭራለች፣ በአፈር ትታጠባለች፣ ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ሆኖም በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ60 ብዙም አይበልጥም፤ ጫጩቶቿንም ፈንግል፣ ጭልፊትና ድመት ይጨርሱባታል። በአገራችን የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እንደሚሞቱ ያሳያሉ። እንዲህ ያለው ነጻነት ለጫጩቷ ብዙም አይጠቅማትም። በአንጻሩ ቦቫንስ ብራውንን የመሰሉ የውጭ ዝርያዎች እስከ 300 እንቁላል ቢጥሉም፣ የተሟላ መኖ፣ መብራትና ክትባት ካጡ ፈጥነው ይወድቃሉ።

በዱርቤቴ ጓሮ ሊሠራ የሚችለው አማካይ መንገድ ይታወቃል። ለሌሊት የሚሆን ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ፣ ለጫጩቶች ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተከለለ ማቆያ፣ በቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተውን የፈንግል ክትባት በወቅቱ ማስከተብ፣ በቀን ጥቂት እህልና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ናቸው። እነዚህ ዶሮዋን ነጻነቷን ሳይነፍጉ ከሞት ይታደጋሉ። እንደ ጥልሊ ዶሮ ያሉ የአዊና የጎጃም ነባር ዝርያዎችም ለዚህ አያያዝ ይስማማሉ።

ጾም፣ ገበያና የምስክር ወረቀት

በ2015 ዓ.ም በይፋ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር በቤተሰብ ደረጃ እንዲጨምር ግፊት አድርጓል። ምርት ሲጨምር ግን ገበያው የራሱ ጠባይ አለው። በአማራ ክልል አብዛኛው ሕዝብ ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ የዓመቱን ገሚስ ያህል ይጾማል። በጾም ወራት የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ በጋጣ ያለች ላም ግን በጾምም ትበላለች። ብዙ ግብዓት ለሚጠይቀው እርባታ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ አነስተኛ ወጪ ላለው እርባታ ግን የሚቻል ነው። ወተቱን ወደ ቅቤ ማዞር፣ የላሟን መውለጃ ከትንሣኤ በኋላ ወይም ከመስከረም በኋላ እንዲውል ማድረግ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ለማቀነባበሪያ ማቅረብ ጉዳቱን ይቀንሳሉ።

የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት ጥቅም የሚያስገኘው ለዚያ ስም ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍል ገዥ ሲኖር ነው። ኢትዮጵያ በቡና፣ በማርና በሰሊጥ እንዲህ ያለ የውጭ ገበያ አላት። በወተትና በእንቁላል ግን የዱርቤቴ ገበያ እስካሁን የሚለየው ትኩስና የቆየ፣ ንጹሕና የተበረዘ እያለ ነው። ያለ ገዥ ለምርመራና ለምስክር ወረቀት ገንዘብ ማውጣት፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ይሆናል። ስለዚህ አርቢው ከኦርጋኒክ ሥርዓት አስቀድሞ መውሰድ ያለበት አሠራሩን ነው፤ ስሙ ገበያው ሲደርስ ሊከተል ይችላል።

አርቢው ምን ያድርግ? ሸማቹስ ምን ይጠይቅ?

ከመስክ ወደ ጋጣ ለመሸጋገር ያሰበ ቤተሰብ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሄድ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ላሟ ከመገዛቷ በፊት መኖው ይተከል። ዴሾው ወይም ዝሆኔው ሣር ለአጨዳ ሳይደርስ የመጣች ላም የመጀመሪያውን በጋ በረኃብ ታሳልፋለች።

ሁለተኛ፣ ጋጣው ጥላ፣ ነፋስና ደረቅ መኝታ ይኑረው። ላሟ በቀን ቢያንስ ጥቂት ሰዓት የምትፈታበት አጥር ያለው ግቢ ቢኖር ሰኮናዋ ይጠነክራል፤ ኮርማ ስትፈልግም በቀላሉ ይታወቅባታል።

ሦስተኛ፣ ውኃ ሁልጊዜ በፊቷ ይኑር።

አራተኛ፣ ጥጃው በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ እንገር ይጥባ። ጥጃ ከእናቱ በሽታ የመከላከል ኃይል የሚያገኘው በእንገሩ ነው፤ ሰዓቱ እያለፈ በሄደ ቁጥር አንጀቱ ያንን ኃይል የመቀበል ችሎታው እየቀነሰ ይሄዳል። እንገሩን ለሰው ትቶ ጥጃውን ማስራብ በኋላ በመድኃኒት የማይካስ ጉዳት ነው።

አምስተኛ፣ ክትባት በወቅቱ፣ የጥገኛ ትላትል መድኃኒት ደግሞ በባለሙያ ምክር ይሰጥ። የታከሙት ይመዝገቡ።

ስድስተኛ፣ ለሥራ የማይፈለገውን ትርፍ ከብት በመቀነስ ለቀሩት የሚበቃ መኖ ይኑር። አሥር የተራቡ ከብቶች ከሦስት የጠገቡ ያነሰ ወተትና እበት የሚሰጡበት ጊዜ ብዙ ነው።

የከተማው ሸማችም ድርሻ አለው። ወተት ሲገዛ ላሟ ምን እንደምትበላ፣ ፋጉሎው የት እንደሚቀመጥ፣ በቅርቡ መርፌ ተወግታ እንደሆነና ለነቀርሳ ተመርምራ እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። የሚጠይቅ ደንበኛ ያለው አርቢ መልስ ለማዘጋጀት ይገደዳል። ሳይበርዝና ሳይደብቅ ለሚያቀርብ አርቢ ጥቂት ጨምሮ መክፈልም፣ መመዘኛ የሚያወጣ ተቋም እስኪጠናከር ድረስ፣ በገበያው ውስጥ ያለ የምስክር ወረቀት ነው።

የወል ግጦሹ እንደ ቀድሞው ተመልሶ ይሰፋል ተብሎ አይጠበቅም፤ ስለዚህ በዱርቤቴና በጣና ዙሪያ ከብትን ወደ ጋጣ ማስገባቱ ይቀጥላል። በዚህ ሽግግር ውስጥ እንስሳው ከመስክ ያገኝ የነበረውን ጥላ፣ ንጹሕ አየር፣ እንቅስቃሴና ትኩስ ሣር ጋጣው ውስጥ ማግኘት አለበት። ይህ ከተሟላ ምርቱም ጤናውም አብሮ ይሻሻላል። ካልተሟላ ግን ዕዳው በመጀመሪያ በላሟ፣ ቀጥሎ በባለቤቷ፣ በመጨረሻም ወተቱን በሚጠጣው ሕፃን ላይ ያርፋል።